ባርባራ ሄፕዎርዝ፦ ባሕሩንና ኮረብታውን በእንጨት ውስጥ ያኖረች ቀራጺ

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ የብሱ አልቆ የአትላንቲክ ውቅያኖስ በሚጀምርበት ሥፍራ፣ ሰይንት አይቭስ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። ጎዳናዎቿ ጠባብ ናቸው፤ ቤቶቿም ከድንጋይ የተሠሩ። በከተማዋ እምብርት በግንብ የታጠረ አንድ የአትክልት ሥፍራ ይገኛል። በዛፎቹና በአበቦቹ መካከል ከነሐስና ከድንጋይ የተሠሩ ትልልቅ ቅርጾች ቆመዋል። ከአጠገባቸው ባለው የሥራ ቤት ደግሞ መሮዎች፣ መዶሻዎችና ሞረዶች ባለቤታቸው እንደተወቻቸው ተቀምጠዋል።

የእነዚህ መሣሪያዎች ባለቤት ባርባራ ሄፕዎርዝ ትባላለች። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስማቸው ከገነነ ቀራጺዎች አንዷ ናት። እብነ በረድ ጠርባለች፤ ነሐስም አስቀልጣለች። ከምትኖርበት ምድር ጋር የነበራትን ቁርኝት አጉልተው የሚያሳዩት ግን ከእንጨት የፈለፈለቻቸው ሥራዎቿ ናቸው። ባሕሩ ከግንድ ውስጥ የወጣው፣ ኮረብታውም በእንጨት ላይ ያረፈው እንዴት እንደኾነ የሕይወት ታሪኳ ይነግረናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባርባራ የተወለደችው በጃንዋሪ 10 ቀን 1903 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሸር ግዛት፣ ዌክፊልድ በተባለች ከተማ ነው። ለወላጆቿ የበኩር ልጅ ስትኾን ከእርሷ በታች አንድ ወንድምና ሁለት እህቶች ነበሯት። አባቷ ኸርበርት ሄፕዎርዝ በአካባቢው አሥተዳደር ውስጥ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። የአካባቢው መንገዶችና ድልድዮች ሥራ የዕለት ተዕለት ጉዳዩ ነው።

ዌክፊልድና አካባቢዋ በዚያ ዘመን የከሰል ማዕድን ጉድጓዶችና የሱፍ ፋብሪካዎች የበዙባቸው ነበሩ። ጭሱ ከከተሞቹ በላይ ይጋረዳል። ከከተማ ወጣ ሲባል ግን ነፋስ የሚመላለስባቸው ሰፋፊ ኮረብታዎች ይዘረጋሉ። አባቷ ለሥራ ወደ ገጠር ሲወጣ ልጁን በመኪናው ይዟት ይሄዳል። እርሷም አንዴ ዳገቱን ሲወጡ፣ አንዴ ሸለቆውን ሲወርዱ በዝምታ ትመለከታለች። ካደገች በኋላ ስለ ራሷ በጻፈችው ላይ ኮረብታዎቹ ያኔውኑ እንደ ቅርጽ፣ መንገዶቹም የቅርጹን መታጠፊያ እንደሚያሳዩ መስመሮች ይታይዋት እንደነበር አስታውሳለች። ዐይኗ በኮረብታው ጀርባ ላይ እንደ እጅ ይዳስስ ነበር።

በ7 ዓመቷ የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህርት ስለ ጥንታዊት ግብጽ ቅርጻ ቅርጾች በምሥል የተደገፈ ትምህርት ሰጥታ ነበር። ያ ቀን የሕይወቷን መንገድ ወሰነው። በክረምት ቤተሰቡ ለእረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወርድ ደግሞ ውኃ የቦረቦረውን ዐለትና ማዕበል ያለሰለሰውን ጠጠር ታስተውላለች። ኮረብታውና ባሕሩ ገና በልጅነቷ በልቧ ተቀምጠዋል።

በ1920 ሊድስ ወደሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች። በዓመቱ ለንደን ወደሚገኘው የንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተሻገረች። ኋላ እንደ እርሷ ስሙ የናኘው ሄንሪ ሙር በሁለቱም ሥፍራ የትምህርት ጓደኛዋ ነበር። በዚያ ዘመን የተለመደው አሠራር ቀራጺው መልኩን በጭቃ ሠርቶ ድንጋዩን የሚጠርቡለት ሌሎች ባለሙያዎች እንዲኾኑ ነበር። እነባርባራ ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ቀራጺው ከድንጋዩ ወይም ከግንዱ ጋር ራሱ ይገናኝ፤ መሮውን ራሱ ይያዝ፤ ቅርጹም ከቁሱ ጠባይ ይውጣ አሉ።

በ1924 በተሰጣት የትምህርት ድጋፍ ወደ ጣሊያን ሄደች። በዓመቱ ቀራጺውን ጆን ስኪፒንግን በፍሎረንስ ከተማ አገባች። ሮም ውስጥም ጆቫኒ አርዲኒ ከተባለ የእብነ በረድ ጠራቢ እጅ ሙያውን ተማረች። ወደ ሀገሯ ከተመለሰች በኋላ በ1929 የመጀመሪያ ልጇ ፖል ተወለደ። ያን ሕጻን ከበርማ በመጣ እንጨት ቀረጸችው። እጆቹን አጣጥፎ የተኛ የሚመስለው ያ ትንሽ ቅርጽ ዛሬም በእንግሊዝ ቴት ሙዚየም ክምችት ውስጥ ይገኛል።

ሞፈርና ቀንበር የሚጠርብ ሰው የእንጨትን ጠባይ ያውቃል። እንጨት የበቀለበትን ዘመን በውስጡ ይዟል። ጭረቱ የሚሄድበት አቅጣጫ አለው፤ ጉጥ አለው፤ ከጭረቱ ተቃራኒ መሮ ቢያሳርፉበት ይቦጨቃል። እርጥቡን ቸኩለው ቢያደርቁት ይሰነጠቃል። ባርባራም ይህን ጠባይ አጥንታለች። ጭረቱ በሚታጠፍበት ቅርጹን ታጥፋለች፤ የእድገት ቀለበቶቹ ተራራ እንደሚዞር እርከን በቅርጹ ወገብ ላይ እንዲዞሩ ታደርጋለች።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አንድ ደፋር እርምጃ ወሰደች። ቅርጹን ከወዲያ ወዲህ በሳችው። በተለመደው አሠራር ሐውልት ማለት ከውጭ የሚታይ ድፍን አካል ነበር። ቀዳዳው ሲከፈት ብርሃን ወደ ውስጥ ገባ፤ ከቅርጹ ወዲያ ያለውም ታየ። በ1932 ከሮዝማ አልባስጥሮስ የሠራችው ያ የተበሳ ቅርጽ በኋላ በጦርነቱ ዘመን ጠፍቷል። ሐሳቡ ግን አልጠፋም። የባሕር ዋሻዎችና የጥንት ትክል ድንጋዮች ወደሞሉበት ምድር ስትሄድ ቀዳዳው ትርጉሙን አገኘ።

የመጀመሪያው ትዳሯ በፍቺ ተጠናቀቀ። ከሠዓሊው ቤን ኒኮልሰን ጋር አዲስ ሕይወት ጀመረች፤ በ1934ም በአንድ ጊዜ ሦስት ልጆችን ተገላገለች። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዱ ወንድ ነበሩ። አዲስ ዓይነት ጥበብ የሚገዛ ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ሦስት ጨቅላዎችን ማሳደግ ቀላል አልነበረም። የእናትነትንና የቀራጺነትን ሥራ ጎን ለጎን ይዛ ቀጠለች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ በኦገስት 1939፣ ቤተሰቡ ልጆቹን ይዞ ከለንደን ወጣ። ያረፈውም በኮርንዎል ግዛት፣ ከሰይንት አይቭስ አጠገብ በምትገኘው ካርቢስ ቤይ፣ በወዳጆች ቤት ነበር። ለጊዜው የተባለው ስደት የቀሪ ዘመኗ መኖሪያ ኾነ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፈተና ነበሩ። ትልቅ ግንድ የሚያስገባ የሥራ ቤት የለም፤ ቁስ የለም፤ ጊዜም የለም። ቀን ቀን የሕጻናት ማቆያ ታካሂዳለች። ከትንሿ ጓሮ ለቤተሰቡ የሚበቃ አትክልት ለማግኘት አንዱን ሰብል አንሥታ ሌላውን ትተካለች። መሬት ቆፍሮ ልጆችን የመመገብ ነገር በዚያ ዘመን ለእርሷ የሩቅ ወሬ ሳይኾን የየዕለት ኑሮ ነበር። ልጆቹ ሲተኙ በሌሊት ወረቀት አውጥታ ትሥላለች። መሮ የለመደ እጅ በእርሳስ ብቻ ሲወሰን ምን ያህል እንደሚጨነቅ መገመት አያዳግትም። ቀራጺነቷ በዚያው ሊቀር ይችል ነበር።

ኾኖም ጓሮዋን ስትኮተኩትና በባሕሩ ዳርቻ ስትመላለስ ምድሩን እያወቀችው ነበር። ፔንዊዝ የሚባለው ያ ልሳነ ምድር ከሦስት በኩል በባሕር የተከበበ ነው። መሬቱ የግራናይት ዐለት ነው። ገበሬዎቹ ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ ከጥንት ጀምሮ እየካቡ ማሳዎቻቸውን አጥረውበታል፤ ትንንሾቹ ማሳዎችም በኮረብታው ላይ እንደ ተጣፈ ልብስ ይታያሉ። የቆርቆሮ ማዕድን ይወጣባቸው የነበሩ ጉድጓዶች የጭስ ማውጫ ግንቦች በየገደሉ ላይ ቆመዋል። የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ትክል ድንጋዮችም አሉ። ከእነርሱም መካከል ሜን አን ቶል የተባለው በመሐሉ ክብ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ይገኛል። ባርባራ ከዓመታት በፊት በለንደን የበሳችውን ቅርጽ የሚመስል ሥራ እዚህ ከሺህ ዓመታት በፊት በሜዳ ላይ ተተክሎ አገኘችው።

በ1942 ቤተሰቡ ባሕሩን ቁልቁል ወደሚያሳይ ሰፋ ያለ ቤት ተዛወረ። የሥራ ቦታም አገኘች፤ በቀጣዩ ዓመትም መሮዋን አነሣች። ከዚያ በኋላ የወጡት የእንጨት ሥራዎች ከቀደሙት የተለዩ ነበሩ። ማዕበል የሚል ስም የሰጠችው ሥራ በ1943 እና በ1944 ከፕሌን ዛፍ የተቀረጸ ነው። ውጩ የእንጨቱን ቀለም እንደያዘ ውስጡ ተፈልፍሎ ቀለም ተቀብቷል፤ በአፉም ላይ ክሮች ተወጥረዋል። ሊገለበጥ የተቃረበ ማዕበል ውስጡን ሲያሳይ የሚኖረውን መልክ ይዟል።

የዚህ ሁሉ አዝመራ የተሰበሰበው በ1946 ነው። ፔላጎስ የተባለው ሥራዋ በዚያ ዓመት ተጠናቀቀ። ቃሉ የግሪክ ሲኾን ባሕር ማለት ነው። የሠራችበት እንጨት ኤልም ይባላል። የኤልም ጭረት እርስ በርሱ የተጠላለፈ በመኾኑ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ስለዚህም እንግሊዛውያን ሠረገላ ሠሪዎች የመንኮራኩሩን እምብርት ከእርሱ ይሠሩ ነበር። ተፈልፍሎ ለሚሳሳ ቅርጽ እንዲህ ያለ እንጨት ይመቻል።

ባርባራ ከሥራ ቤቷ ስትመለከት የባሕሩ አድማስ ከፊት ለፊቷ ይታያታል። በግራ የሰይንት አይቭስ ራስ ምድር፣ በቀኝ የጎድሬቪ ጫፍ እንደ ሁለት ክንዶች ወጥተው ባሕረ ሰላጤውን ያቅፉታል። በፔላጎስም እንጨቱ ከኹለት ወገን ተጠቅልሎ ይመጣና መሐሉን ክፍት አድርጎ ያቅፈዋል። ውስጡ ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። በሁለቱ ጫፎች መካከልም እንደ ክራር ክር የተወጠሩ ክሮች አሉ። ክሮቹ በእርሷና በባሕሩ፣ በነፋሱና በኮረብታው መካከል የሚሰማትን መሳሳብ የሚወክሉ መኾናቸውን ራሷ አስረድታለች።

ፔላጎስን የሚያይ ሰው ጀልባ አያይበትም፤ ዓሣም ኾነ ገደል አያገኝበትም። ሠዓሊ ዳርቻውን ቢሥል ኖሮ ከሩቅ የሚታየውን ያሳየን ነበር። ባርባራ ያኖረችው በምድሩ ውስጥ የቆመ ሰው የሚሰማውን ነው። ከነፋስ ተጠልሎ በዐለት ስር የቆመ እረኛ በሁለት በኩል መታቀፉን፣ ከፊቱም ክፍት መኾኑን በአካሉ ያውቃል። ያን ዕውቀት ከአንድ ክንድ ብዙም በማይበልጥ እንጨት ውስጥ አስገባችው። ይህን ማድረግ የቻለችውም ሥፍራውን እንደ እንግዳ አይታው ስላላለፈች፣ ቆፍራበትና ልጅ አሳድጋበት ስለኖረች ነው።

ከዚያ በኋላ ለሥራዎቿ የአካባቢውን ስሞች ማውጣት ጀመረች። ፔንዱር በዜኖር መንደር አጠገብ ያለች ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ናት፤ ከፕሌን ዛፍ የተቀረጸ ሥራዋ በስሟ ተጠርቷል። ናንጂዛል ባሕር የሰነጠቀው ዐለት ያለበት ዳርቻ ነው፤ በ1958 ጽድ ከሚመስለው ከዩ ዛፍ የቀረጸችው ሥራ ስሙን ይዟል። ትሬቫልጋን ደግሞ ኮረብታ ነው፤ ስሙን ለ1956ቱ የነሐስ ሥራዋ ሰጥቷል። በሩቅ ሀገር ሙዚየሞች የሚመላለሱ ሰዎች የእነዚህን መንደሮችና ኮረብታዎች ስም የሚያነቡት በእርሷ ምክንያት ነው።

በ1949 በሰይንት አይቭስ ከተማ ትሬዊን የተባለውን የሥራ ቤት ከነአትክልት ሥፍራው ገዛች። በዚህ ቤት ዝናብ ካላስቸገራት በቀር ከቤት ውጭ ሠርታለች። የብርሃኑን መለዋወጥ በቅርጹ ላይ ታያለች፤ ነፋሱንም ትሰማለች። ሥራው ሲበዛ ረዳቶችን ቀጠረች። ከእነርሱ መካከል ለዓመታት አብሯት የቆየው ዴኒስ ሚቼል ቀድሞ በማዕድን ጉድጓድና በዓሣ ጀልባ የሠራ ሰው ነበር። በ1951 ከቤን ኒኮልሰን ጋር የነበራት ትዳር ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ የሥራ ቤቷ ኾነ።

ከሁሉ የከበደው ሐዘን በፌብሩዋሪ 1953 መጣ። የበኩር ልጇ ፖል የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ ነበር። በታይላንድ ሰማይ ላይ አውሮፕላኑ ተከሰከሰና ሞተ። ገና ሲወለድ በእንጨት የቀረጸችውን ልጅ በ23 ዓመቱ አጣችው። ለመታሰቢያው የእመቤታችንና የልጇን ምሥል ከነጭ ድንጋይ ቀርጻ በሰይንት አይቭስ ቤተ ክርስቲያን አኖረች።

ሐዘኑ አቅሟን አደከመው። በ1954 ወዳጇ ማርጋሬት ጋርዲነር ወደ ግሪክ ይዛት ሄደች። ደሴቶቹን ተዘዋወረች፤ ተራሮቹን ወጣች፤ የጥንት መቅደሶችና የትያትር ሥፍራዎች በኮረብታ ጉያ እንዴት እንደተቀመጡ አየች። ወደ ሀገሯ ስትመለስ ደግሞ ያልጠበቀችው ነገር ደረሰላት። ከናይጄሪያ የተጫነ 17 ቶን የጓሪያ ግንድ በመርከብ መጣ። ጓሪያ ከማሆጋኒ ወገን የኾነ፣ ሞቅ ያለ ቀይ ቡናማ ቀለም ያለው ጠንካራ የአፍሪካ እንጨት ነው። ይህን ያህል ግዙፍ እንጨት ከዚያ በፊት በእጇ ገብቶ አያውቅም።

ከእነዚያ ግንዶች ኮሪንቶስ፣ ዴልፊ፣ ዴሎስ የሚሉ የግሪክ ስሞች ያሏቸው ሥራዎች ወጡ። ኮሪንቶስ ቁመቱም ወርዱም አንድ ሜትር ያህል ነው። ውጩ ተወልውሎ የእንጨቱን ቅላት ያሳያል። ውስጡ እንደ ዋሻ ተጠማዝዞ የተፈለፈለና ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። ሐዘን የደቆሳት እናት በመዶሻና በመሮ የእንጨቱን ልብ እስክታገኝ ድረስ ወራት ቆፈረች። የአፍሪካ ደን ያበቀለው ግንድ፣ የግሪክ ተራራ ትዝታና የኮርንዎል ባሕር ዋሻ በአንድ ቅርጽ ተገናኙ። የብዙ ተመልካቾች ምስክርነት እንደሚያሳየው እነዚህ ከሥራዎቿ ሁሉ ታላላቆቹ ናቸው።

ዝናዋ ከሀገሯ አልፎ ተሻገረ። በ1959 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርዒት ታላቁን ሽልማት አገኘች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ ከአድናቂዎቿ አንዱ ነበር፤ ከሰንደል እንጨት የቀረጸችው ቀጥ ብሎ የቆመ ቅርጽም ነበረው። በሴፕቴምበር 1961 ለኮንጎ ሰላም ሲጓዝ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ። ኢትዮጵያም ሠራዊቷን አዋጥታ የተሳተፈችበት ያ ተልዕኮ ሕይወቱን ወሰደው።

ባርባራ ወዳጇን ያሰበችው በለመደችው መንገድ ነው። በዚያው ዓመት ከዋልነት እንጨት ቀጥ ያለና በላዩ ክብ ምልክት ያለበት ቅርጽ ፈለፈለች። ይህ ሐሳብ ኋላ በነሐስ ተስፋፍቶ 6 ነጥብ 4 ሜትር ቁመት ያለው ሐውልት ኾነ። በጁን 1964 በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተመርቆ ዛሬም እዚያው ቆሟል። አፍሪካ ውስጥ ለሰላም የሞተው ሰው መታሰቢያ በኮርንዎል ሜዳ እንደቆሙት ትክል ድንጋዮች ቀጥ ያለ ነው።

የኋለኞቹ ዓመታት ሕመም የተጫናቸው ነበሩ። በካንሰር ታመመች፤ የዳሌ አጥንቷም ተሰበረ። ሥራዋን ግን አላቋረጠችም። በ1965 ከእንግሊዝ መንግሥት ለሴቶች ከሚሰጡት ከፍተኛ ማዕረጎች አንዱን ተቀበለች። በ1968 ደግሞ በስደት የገባችባት ሰይንት አይቭስ የክብር ነዋሪነት መብት ሰጠቻት። በሜይ 20 ቀን 1975 ሌሊት ትሬዊን በሚገኘው መኖሪያዋ እሳት ተነሣ። ባርባራ ሄፕዎርዝም በ72 ዓመቷ በዚያ አደጋ ሕይወቷ አለፈ። የተቀበረችውም በመጀመሪያ በተጠለለችበት በካርቢስ ቤይ ነው።

በኑዛዜዋ መሠረት የሥራ ቤቷና የአትክልት ሥፍራዋ በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ። ያላለቁ ድንጋዮች፣ ያልተነኩ መሣሪያዎችና የሥራ ልብሶቿ ሳይቀሩ በቦታቸው ይታያሉ። የትውልድ ከተማዋ ዌክፊልድም በ2011 በስሟ የተሰየመ ትልቅ ሙዚየም ከፍታለች።

ሰው የሚኖርበትን ምድር ብዙ ጊዜ ያርሰዋል፣ ይረግጠዋል፣ ያልፍበታል እንጂ ቆሞ ቅርጹን አያስተውለውም። ኮረብታው ከልጅነት ጀምሮ ስለሚታይ እንደሌለ ይቆጠራል። ባርባራ ሄፕዎርዝ የአባቷን መንገዶች ተከትላ ያየችውን ኮረብታ አልረሳችም፤ በጦርነት ዘመን በግድ የገባችበትን ዳርቻም እንደ እንግዳ አልኖረችበትም። በዓለም መድረክ የከበሩት ሥራዎቿ ከአንድ ጓሮ፣ ከአንድ መስኮትና በእግር ከሚደረስባቸው ጥቂት ገደሎች የተገኙ ናቸው። ዛሬ ፔላጎስን ዞሮ የሚያይ ሰው የዚያን ዳርቻ ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ዘመናቸውን ሙሉ ያቀፋቸውን ምድር በእንጨት ውስጥ ያገኘዋል።